ያልተቆጠረው ቁስል

ሬሳውን መጀመሪያ ያየው መንገድ ጠራጊው ነው። ከቀለም ፋብሪካው ወደ ከተማ በሚወስደው አስፋልት ዳር፣ ከቦዩ አጠገብ፣ አንድ ረጅም ሰው በጎኑ ተኝቷል። ጠራጊው እንቅልፍ የጣለው መስሎት "ተነስ እንጂ ወንድሜ፣ ፀሐይ ወጣች እኮ" ብሎ በመጥረጊያው እጀታ ነካ አደረገው። ከዚያ በኋላ መጥረጊያውን እዚያው ጥሎ ነው የሮጠው።

ኢንስፔክተሩ ሲደርስ የትራፊክ ፖሊሱ በሬሳው ዙሪያ በኖራ አስምሮ፣ ፍርዱንም ሰጥቶ ጨርሶ ነበር።

"ሰክሮ ሲሻገር መኪና ገጭቶት አምልጧል፣ ጌታዬ። ጠጋ ብለው ያሽትቱት።"

"ቆይ እስቲ" አለ ኢንስፔክተሩ።

ይህቺ ቃል መታወቂያው ነች። ማንም ምንም ቢለው "ቆይ እስቲ" ሳይል አይመልስም። ባልደረቦቹ ከጀርባው በስሙ ጠርተውት አያውቁም፤ "ቆይ እስቲ መጣ፣ ቆይ እስቲ ሄደ" ነው የሚሉት። ሚስቱ እንኳ "ታገባኛለህ ወይስ አታገባኝም?" ብላ ስትጠይቀው "ቆይ እስቲ" ብሎ ሁለት ዓመት አቆይቷታል እየተባለ ይወራል። እሱም ወሬውን አላስተባበለም።

ቁጢጥ ብሎ አሸተተ። የሸተተው አረቄ ሳይሆን አኳራጅ ነው፤ ቀለም የሚያቀጥኑበት። ሰውየው የቀለም ፋብሪካውን ሰማያዊ ቱታ ለብሷል፤ ከጥፍሮቹ ሥር ነጭ ቀለም ደርቋል። አስፋልቱ ላይ ጠብታ ደም የለም። ጉልበቶቹ ታጥፈው፣ ወገቡም ታጥፎ፣ ወንበሩን ከሥሩ የወሰዱበት ሰው ይመስላል። ኢንስፔክተሩን ከሁሉ በላይ ያስገረመው ግን ከራሱ ሥር ያለው ነገር ነው። ጃኬቱ በደንብ ተጣጥፎ ተደርጎለታል።

"ተገጭቶ የወደቀ ሰው ለራሱ ትራስ ያነጥፋል?" ብሎ ጠየቀ።

የትራፊክ ፖሊሱ ራሱን አከከ። ኢንስፔክተሩ የሟቹን የሱፍ ቆብ ቀስ አድርጎ ገለጥ አደረገ። ከጆሮው በላይ ቁስል አለ፤ ቁስሉ ላይ ቀጫጭን ፕላስተሮች ጎን ለጎን ተደርድረዋል።

* * *

ሟቹን ሥራ ቦታው ላይ "ረጅሙ" ይሉት ነበር። የመጋዘን ሠራተኛ ነው። መሰላል ሲጠፋ የላይኛው መደርደሪያ ላይ ያለውን ቆርቆሮ የሚያወርደው እሱ ስለነበር፣ ቁመቱ ለፋብሪካው አንድ መሰላል አስቀርቶለታል ይባላል።

ቤቱ ሁለት ክፍል ነው። አንዱ ግድግዳ ሰማያዊ፣ አንዱ ክሬም፣ ሦስተኛው ደግሞ ምን እንደሚባል የማይታወቅ ቀለም። የተራረፈ ቀለም ባገኘ ቁጥር አንድ አንድ ግድግዳ እየቀባ ነው ያሳመረው። ሚስቱ ከጎረቤት ሴቶች መሃል ተነስታ ኢንስፔክተሩን ወደ ውስጠኛው ክፍል አስገባችው።

"ባሌ አይጠጣም" አለች፣ ገና ሳይቀመጥ።

ስለ መጠጥ ማንም አልጠየቃትም ነበር።

"ቆይ እስቲ፣ እህቴ። ራሱ ላይ ያለው ቁስል ምንድን ነው?"

"እሱማ ጭረት ነው። ባለፈው ሳምንት ቆርቆሮ ከመደርደሪያ ወርዶ ነካ አድርጎኝ ነው አለኝ። ፕላስተር ለጥፈውለታል።" ትንሽ ቀና አለች። "ከዚያ ወዲህ እንዲያውም አክብረውት ነበር። ጠዋት ጠዋት የፋብሪካው መኪና ከደጃፍ ይወስደዋል፣ ማታ ይመልሰዋል። ጎረቤቱ ሁሉ 'ሹመት አገኘ እንዴ?' እስኪለኝ ድረስ።"

"ትናንት ማታ ሳይመለስ ሲቀር አልፈራሽም?"

"...አምሽቶ ይሆናል ብዬ ነው።"

"ትናንት ጠዋት ሲወጣ ምን አለሽ?"

ሚስትየው ስም የለሹን ግድግዳ ታየው ጀመር። ጣቶቿ የነጠላዋን ጫፍ ያፍተለትላሉ።

"ምንም አላለኝም። አልተነጋገርንም" አለች።

ኢንስፔክተሩ ሁለት ነገር ይዞ ወጣ። ይህቺ ሴት ባሏን ትወደዋለች፤ ደግሞም አንድ ነገር ሸሽጋለች።

* * *

"መኪና አልነካውም" አለች ሬሳውን የመረመረችው ሐኪም። ከኢንስፔክተሩ ጋር የረጅም ጊዜ ወዳጆች ናቸው፤ እሱን የምታፋጥነው እሷ ብቻ ነች። "ቆይ እስቲ ከማለትህ በፊት ልጨርስልህ። ይህ ሰው የሞተው ትናንት ጠዋት ነው። የሞተው ደግሞ ተቀምጦ ነው።"

"ቆይ እስቲ። ተቀምጦ?"

"ሰው ሲሞት ደሙ ወደ ታች ይወርዳል። የዚህ ሰው ደም እግሩና መቀመጫው ላይ ነው የረጋው። ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ውሎ፣ ደርቆ፣ ከዚያ ነው ያስተኙት። ጉልበቱ የታጠፈው ለዚህ ነው።"

"ምን ገደለው?"

"ራሱን ተመትቷል። ማን መታው፣ መቼ ተመታ፣ ከፍቼ ሳላይ አልነግርህም።" ወደ ቁስሉ ጎንበስ አለች። "ይልቅ ይህን እየው። ይህ ቁስል ስፌት ያስፈልገው ነበር። ፕላስተሩን የለጠፈው እጅ ደግሞ ጥንቃቄውን እይ፤ መስፋት የሚያውቅ እጅ ነው። መስፋት እያወቀ ለምን ለጠፈ?"

* * *

ከሟቹ ቤት ፊት ለፊት ያለው ባለ ኪዮስክ ማንም ሳይጠይቀው ነው የተናገረው። አንዳንድ ሰው ምስክርነት ሆዱ ውስጥ አያድርለትም።

"ከትናንት ወዲያ ማታ፣ ጌታዬ፣ ረጅሙ ከመኪና ሲወርድ የሚስቱ ወንድም ኮሌታውን ያዘው! ያ የጭነት መኪና ሹፌሩ። 'እህቴን ታዋርዳለህ!' እያለ ሲጮህ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። ረጅሙም እንደ ሸምበቆ ይወዛወዝ ነበር። ግድግዳ ግድግዳ ይዞ ነው የገባው።"

የሚስትየው ወንድም የተገኘው ከጭነት መኪናው ሥር ገብቶ ሲጠግን ነው። የመኪናው የፊት መብራት ተሰብሯል፤ ግንባሩም ተጨራምቷል። የትራፊክ ፖሊሱ ይህን ሲያይ "አላልኳችሁም?" በሚል ዓይን ሁሉንም አያቸው።

"መብራቱን የሰበርኩት በሬ ገጭቼ ነው" አለ ሰውየው፣ ግሪስ የነካው እጁን ሱሪው ላይ እየጠረገ። "ትናንት ቀኑን ሙሉ ጎማ ፈንድቶብኝ ሌላ ከተማ ጎሚስታው ጋ ነበርኩ። ጠይቁት፤ ምሳ አብረን በልተናል።"

"ከትናንት ወዲያስ? ኮሌታውን ይዘህ ምን አደረግከው?"

ሰውየው መፍቻውን መሬት ላይ አኖረ።

"እህቴ ደውላ አለቀሰችብኝ። 'ሰክሮ ገባ፤ ወለሉ ላይ አስታወከ፤ ምላሱ ተሳስሮ ስሜን እንኳ መጥራት አቃተው' አለችኝ። እኛ አባታችንን መጠጥ ነው የቀማን፣ ኢንስፔክተር። እሱን ያገባችው የማይጠጣ ሰው ነው ብላ ነው። ደሜ ፈላ። ኮሌታውን ያዝኩት።"

"መታኸው?"

"አልመታሁትም። ልመታው ነበር። ምን አለኝ መሰለህ? 'ወንድሜ፣ ቀስ አድርገህ ያዘኝ፤ ራሴን ያመኛል' አለኝ።" ፊቱን በክንዱ ሸፈነ። "እኔም 'ይበልህ! የጠጣ ነው የሚያመው' አልኩት።"

ጎሚስታው ተጠየቀ፤ ሰውየው እውነቱን ነው። ግን የጎሚስታው ቃል የትናንቱን ቀን እንጂ የከትናንት ወዲያውን ምሽት አይሸፍንም። ኮሌታ የያዘ እጅ ራስም ሊመታ ይችላል። ኢንስፔክተሩ ሐኪሟ ከፍታ እስክታይ ድረስ ሰውየውን ጣቢያ አስቀመጠው።

* * *

በፋብሪካው በር ላይ ትልቅ አረንጓዴ ሰሌዳ ተሰቅሏል። "ያለ አደጋ የሠራንባቸው ቀናት" ይላል፤ ከሥሩ በየጠዋቱ ዘበኛው የሚቀይረው ቁጥር አለ። ኢንስፔክተሩ ሲገባ ዘበኛው ወንበር ላይ ቆሞ አንድ ቀን እየጨመረ ነበር። ሠራተኛቸው በቦይ ዳር ወድቆ የተገኘበት ቀን መሆኑ ነው።

የደህንነት ኃላፊው ወጣት፣ ንጹሕ ሸሚዝ የለበሰና አነጋገሩ የለሰለሰ ሰው ነው። ከልቡ ያዘነ ይመስላል፤ ምናልባትም አዝኗል።

"ትናንት ሙሉ ቀን ሠርቶ፣ ማታ ፈርሞ በሰላም ወጣ። ከበር ከወጣ በኋላ የደረሰበት ነገር፣ ያሳዝናል፣ ግን የመንገድ አደጋ ነው። በእኛ አይመዘገብም።"

"ቆይ እስቲ። በእናንተ የሚመዘገበው የትኛው ነው?"

ኃላፊው ፊቱ በራ። የሚወደውን ትምህርት የጠየቁት መምህር ሆነ።

"በሥራ ላይ የደረሱትን ጉዳቶች እንቆጥራለን። ቁጥሩን ሠራተኛው ሁሉ በዓመቱ ለሠራው ሰዓት እናካፍላለን፤ ከዚያ ትልቅና ትንሽ ፋብሪካ እንዲወዳደር በአንድ ቋሚ ቁጥር እናባዛዋለን። የአደጋ ምጣኔ የምንለው እሱን ነው። ትልቁ ደንበኛችን ምጣኔያችን ከፍ ካለ ውሉን አያድስም። ውሉ ከቀረ መጋዘኑ ይዘጋል፤ ያ ሁሉ ሰው ይበተናል። ቀልድ አይደለም።"

"ማንኛውም ጉዳት ይቆጠራል?"

"ኧረ! በመጀመሪያ ርዳታ ያለፈ አይቆጠርም። ሰውየው ከሥራ ከቀረ ወይም ሕክምና ካስፈለገው ይቆጠራል። ሥራው ላይ ከተገኘ ግን..."

"ስለዚህ ተጎጂው ሥራው ላይ ተቀምጦ ከዋለ ከጉዳቶቹ ቁጥር ይወጣል።"

"ተቀምጦም ቢሆን ቀላል ሥራ ላይ ነው።"

"የተቀመጠበትስ ሰዓት እንደ ሥራ ሰዓት ይደመራል?"

"ሥራ ገበታው ላይ ነው እኮ" አለ ኃላፊው። ይህን ሲል ግን ድምፁ ቀነሰ።

ኢንስፔክተሩ በልቡ አሰላ። ትናንት ጠዋት የሞተ ሰው ትናንት ማታ ፈርሞ ወጥቷል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ይህ ወረቀት ግን ሬሳም አስፈርሟል።

"ክሊኒካችሁ የት ነው?" አለ።

* * *

ነርሷ በጠባቧ ክሊኒክ ውስጥ መቀሶቿን ከፎጣ ላይ አንድ በአንድ ትደረድር ነበር። ኢንስፔክተሩ አጠገቧ በርጩማ ስቦ ተቀመጠ።

"ሲስተር፣ መስፋት ትችያለሽ?"

"አሥራ ምናምን ዓመት ሰፍቻለሁ" አለች። ከዚያ ጥያቄው ገባት። መቀሱ ከእጇ ወደቀ።

"ታዲያ የረጅሙን ለምን አልሰፋሽውም?"

"ስፌት ይቆጠራላ!" አለች። እንባዋ ከቃሏ ቀድሞ ነው የወረደው። "ስፌት ሕክምና ነው፤ ይቆጠራል። ፕላስተር የመጀመሪያ ርዳታ ነው፤ አይቆጠርም። መርፌውን ይዤ ነበር እኮ። ኃላፊው መጣና 'ሲስተር፣ በፕላስተር አይያዝም?' አለኝ። ሲያዩት ተያዘ። ራጅ ይነሳ ብዬ ነበር፤ 'ሐኪም ቤት ከሄደ ሰሌዳው ወረደ ማለት ነው' አለኝ። ረጅሙ ራሱ 'ተይው ሲስተር፣ በእኔ የተነሳ የመጋዘኑ ልጆች እንጀራ አይቋረጥ' አለ። ከዚያ ሳሎን አስገቡት።"

"ቆይ እስቲ። ሳሎን?"

ሳሎን ሲሉ ከመጋዘኑ ጀርባ ያለችውን ክፍል ነው። ስሟን ያወጡላት ሠራተኞቹ ናቸው፤ በር ላይ የተጻፈው "ቀላል ሥራ" ነው። ውስጧ የተራረፉ ወንበሮች፣ አንድ ጠረጴዛና የቀለም ማውጫ ካርዶች አሉ። የተጎዳ ሰው ጠዋት በመኪና ከቤቱ ይመጣና እዚያ ተቀምጦ ካርድ ይደረድራል፤ ማታ ሌላው መልሶ ይበታትነዋል። ኢንስፔክተሩ ሲገባ ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ አንዱ እጁ በፋሻ የታሰረ፣ ሌላው እግሩ ያበጠ። ሦስተኛው ወንበር ባዶ ነው።

"ትናንት ጠዋት ሲመጣ አልተናገረም" አለ እጁ የታሰረው። "ጋሼ፣ የፋብሪካው መኪና ሹፌር፣ ደግፈው አስቀመጡት። ወዲያው እንቅልፍ ወሰደው፤ ማንኮራፋቱ ደግሞ! 'የቀለም መፍጫው ተነሳ' ብለን ሳቅንበት። ቆየት ብሎ ዝም አለ። እፎይ፣ ደህና ተኛ አልን። ቆቡን ዓይኑ ላይ ዝቅ አደረግንለት፤ ብርሃን እንዳይረብሸው።"

"ከዚያስ?"

"ምሳውን አመጣንለት። እንዳንቀሰቅሰው አጠገቡ አስቀመጥንለት። ማታ ልንቀሰቅሰው ስንል ኃላፊው 'ተዉት ይተኛ፣ እኛ እናደርሰዋለን' አለን።" በደህናው እጁ የባዶውን ወንበር ጀርባ ያዘ። "ቀኑን ሙሉ አጠገቡ ተቀምጬ ሳወራ ነበር፣ ጌታዬ። ለካ የማወራው ለብቻዬ ነው።"

* * *

ሐኪሟ ከሰዓት በኋላ ደወለች።

"የሚስቱን ወንድም ፍታው። ምቱ የሳምንት ነው። ከአጥንቱ ሥር ቀስ እያለ ሲደማ ነው የከረመው። እንዲህ ያለ ሰው ራሱን ያመዋል፣ ያስታውከዋል፣ ይንገዳገዳል፣ ምላሱ ይተሳሰራል። ላላወቀ ሰው ፍጹም ሰካራም ነው የሚመስለው።"

"ቆይ እስቲ..." አለ ኢንስፔክተሩ። "መዳን ይችል ነበር?"

"በሞተበት ዋዜማ ሌሊት እንኳ ቢያመጡልን፣ አጥንቱን በስተን ደሙን እናፈሰው ነበር። አዎ፣ ይድን ነበር።"

* * *

ሽማግሌው ሹፌር መኪናቸውን እያጠቡ ነበር። ሠራተኛው ሁሉ ጋሼ ነው የሚላቸው። ኢንስፔክተሩ አጠገባቸው ቆሞ ውሃው ሲወርድ ሲያይ ቆየ።

"ጋሼ፣ አንድ ነገር ብቻ ነው የምጠይቅዎት። ትራሱን ማን አነጠፈለት?"

የውሃው ጎማ ከእጃቸው አልወደቀም። ቀስ ብለው ቧንቧውን ዘጉ፤ እጃቸውን ጠረጉ፤ ከዚያ የመኪናው ደረጃ ላይ ተቀመጡ።

"እኔ ነኝ" አሉ። "ሳምንቱን ሙሉ ከቤቱ ደግፌ ሳወጣው ነበር፣ ልጄ። ደግፌ አስቀምጠው፣ ደግፌ አወርደው ነበር። በባዶ አስፋልት ላይ ጥዬው መሄድ አቃተኝ።"

"ኃላፊው ነው ያዘዘዎት?"

"ማታ ልንቀሰቅሰው ገባን። ነካሁት፣ ድንጋይ ሆኗል። ኃላፊው መጀመሪያ አለቀሰ፤ ለምን እዋሻለሁ፣ አለቀሰ። ከዚያ ዓይኑን ጠረገና 'ከበር ውጭ ከተገኘ አይቆጠርም' አለ። በስሙም ፈረመለት። ሬሳው አልተዘረጋ ብሎን እንደተቀመጠ የመኪናው ወንበር ላይ አደረግነው፤ ቆቡን እንዳደረገ። በር ላይ ስንደርስ ዘበኛው እንደ ልማዱ 'ደህና እደር ረጅሙ' አለው።"

ኃላፊው ሲያዝ አልተወራጨም። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ እንዲሉ፣ መጀመሪያ ነርሷን አለ፣ ቀጥሎ ደንቡን አለ፣ በመጨረሻ ሟቹን ራሱን አለ፤ "አመመኝ አላለም እኮ!" ዘበኛው ወንበሩ ላይ ወጥቶ የሰሌዳውን ቁጥሮች አንድ በአንድ አወረደና ዜሮውን ሰቀለ። እጁ ላይ የቀሩትን ቁጥሮች የት እንደሚያደርጋቸው ግራ ገብቶት ቆመ።

* * *

ኢንስፔክተሩ የሚስትየውን ወንድም ራሱ ይዞላት ሄደ። ሰውየው እህቱን ማየት አልቻለም፤ የፊተኛው ክፍል ውስጥ ቀረ። ኢንስፔክተሩ ሁሉንም ነገራት፤ ቆርቆሮውን፣ ፕላስተሩን፣ ሳሎኑን፣ መኪናውን። እሷም እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ሰማችው።

"ታዲያ ጠጥቶ አልነበረም?" አለች።

"ጠብታ አልቀመሰም፣ እህቴ። ስሙ ንጹሕ ነው። ለሰፈሩ ሁሉ እኔው ራሴ እናገራለሁ።"

"እኔ ግን ጠጥቷል ብያለሁ።" ድምፅዋ ጸጥ ያለ ነው። "ላንተ አይጠጣም አልኩህ፤ ለራሴ ግን ጠጥቷል ብያለሁ። ለወንድሜም ነግሬያለሁ። ሁለት ሌሊት አኮረፍኩት። እዚያ፣ ወንድሜ የተቀመጠበት ጋ፣ መሬት ላይ አስተኛሁት። በሁለተኛው ሌሊት 'ውሃ ስጪኝ' አለኝ። ነቅቼ ነበር። የተኛሁ መሰልኩ።" ወዲያው ተናደደች፤ በማን ላይ እንደሆነ ግን ራሷም አላወቀችም። "ፕላስተር ነዋ! ፕላስተር የሕፃን ጣት ላይ ነው የሚለጠፈው! ቢሰፉት ኖሮ እኮ እፈራ ነበር። ስፌት ባይ ኖሮ ነቅቼ አድር ነበር።"

ኢንስፔክተሩ በሃያ ምናምን ዓመት ሥራው ብዙ ጥፋተኛ አይቷል፤ ያላጠፋ ሰው ራሱን እንዲህ ሲከስ ማየት ግን ዛሬም አልለመደም። አዘነላት።

እሷ ዓይኗን ጠርጋ ቀና አለች። ከዚህ በኋላ አንቱ አለችው፤ ለትልቅ ጥያቄ እንደሚባለው።

"እውነቱን ይንገሩኝ። በዚያች ሌሊት ውሃ ሲጠይቀኝ ተነስቼ ሐኪም ቤት ብወስደው ኖሮ፣ ይተርፍ ነበር?"

"አይተርፍም ነበር" አለ ወዲያው።

ሚስትየው ፊቱን ትክ ብላ አየችው። ከፊተኛው ክፍል የወንድሟ ሳግ ይሰማል።

"ኢንስፔክተር፣" አለች ቀስ ብላ፣ "ዛሬ 'ቆይ እስቲ' አላሉም።"

እሱም አንገቱን ደፋ።